«አላውቅም ነበር» የሚል መድረክ



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። የእኛን አዋጆች የምጠራው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ቀን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2007 ዓርብ ነበር። በዚያ ዕለት የኤምቲቪ፣ የኮሜዲ ሴንትራልና የፓራማውንት ባለቤት የነበረው ቪያኮም ለዩቲዩብ አንድ ማሳወቂያ ላከ። ወደ 100,000 የሚጠጉ ቪዲዮዎች ያለፈቃዱ እንደተጫኑ ገልጾ እንዲነሱለት ጠየቀ። ዩቲዩብ በቀጣዩ የሥራ ቀን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አነሳ። የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነበር። እንዲያም ሆኖ ማርች 13 ቀን ቪያኮም ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ የጠየቀውም ካሳ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አንሳ የተባለውን ያነሳ ድርጅት በምን ይከሰሳል? የዛሬው ዲስኩሬ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አቋሜን ቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል። ሰው በለጠፈው የሌላ ሰው ሥራ መድረኩን ተጠያቂ ለማድረግ ሕጉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠይቅ የኖረው «ታውቅ ነበር ወይ?» እያለ ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ጉዳዩን ከሥሩ ይዤ ላሳያችሁ።

የሌላ ሰው ጥፋት ወደ መድረኩ የሚሄድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፊልሙን ወይም ዘፈኑን የጫነው ሰው ማንነቱ አይታወቅም፤ ቢታወቅም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ባለመብቱ ዞር ብሎ ቦታውን የሰጠውን ይፈልጋል። ይህ ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ቼሪ ኦክሽን የተባለ ድርጅት ሻጮች ቦታ እየተከራዩ የሚሸጡበት ክፍት ገበያ ያስተዳድር ነበር። በ1991 የአካባቢው ሸሪፍ ገበያውን ፈትሾ ከ38,000 በላይ ሕገወጥ የሙዚቃ ቅጂዎችን ያዘ። በዓመቱ ሽያጩ እንዳልቆመ አይቶ ለገበያው ባለቤት በደብዳቤ ነገረው። ፎኖቪዛ የተባለ የላቲን ሙዚቃ አሳታሚ የከሰሰው ግን አዟሪዎቹን ሳይሆን ባለገበያውን ነው። ባለገበያው አንድም ካሴት አልሸጥኩም፣ ቦታ አከራየሁ እንጂ ሲል ተከራከረ።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1996 ይህን ክርክር አልተቀበለውም። ገበያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከሻጩ ኪራይ፣ ከገዢው የመግቢያና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ይሰበስባል፤ ያልፈለገውን ሻጭም ማስወጣት ይችላል። ሰዉን ወደዚያ የሚጠራው ደግሞ ርካሹ ካሴት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የአሜሪካ ሕግ ሰውን በሌላ ሰው ጥፋት የሚይዝበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንዱ መንገድ አውቀህ ረድተሃል ይላል። ሌላው ግን ማወቅ አለማወቅህን አይጠይቅም፤ መቆጣጠር ትችል ነበር፣ ገንዘቡም ወደ አንተ ይመጣ ነበር፣ ያ ይበቃል ይላል። ይህ ሁለተኛው መንገድ እንዳይረሳችሁ እፈልጋለሁ፤ በኢንተርኔቱ ዘመን ቀስ በቀስ የተጨፈለቀው እሱ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ጉዳዮች ዳኞቹን ግራ አጋብተዋል። በ1993 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ደንበኞች በስልክ መስመር እየደወሉ ፋይል የሚለዋወጡበት አንድ አነስተኛ አገልግሎት ላይ የፕሌይቦይ መጽሔት 170 ፎቶግራፎች ተገኙ። ባለቤቱ እኔ አልጫንኳቸውም፣ መጥሪያው እንደደረሰኝም አጥፍቻለሁ አለ። ፍርድ ቤቱ ባለማወቅ ማመካኘት አያዋጣም ብሎ ፈረደበት። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀመጡ ሌላ ዳኛ፣ ሮናልድ ዋይት፣ በሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያንና ኔትኮም በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ መካከል በነበረው ክርክር ሌላ መንገድ ያዙ። መልእክት በራሱ ጊዜ የሚያልፍበትን መሣሪያ የዘረጋ ሰው የቀዳው እሱ ነው ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ከተነገረው በኋላ ዝም ካለ ሌላ ጉዳይ ነው አሉ። ተነግሮት ዝም ማለት የሚለው ሐሳብ የዛሬው ሥርዓት ሁሉ መነሻ ሆነ።

ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግን ፈረሙ። የሕጉ ክፍል 512 በባለመብቶችና በቴሌኮም ኩባንያዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነበር ማለት ይቻላል። መድረኩ የተወሰኑ ነገሮችን ካሟላ በካሳ አይጠየቅም። ማሳወቂያ የሚቀበል ወኪል መሰየምና በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። ሲነገረው በፍጥነት ማንሳት፣ ደጋግሞ የሚያጠፋ ተጠቃሚን ማባረርም ይጠበቅበታል። ከሁሉም በላይ ስለ ጥሰቱ ማወቅ የለበትም። ዞሮ የመፈተሽ ግዴታ ግን አልተጣለበትም። በዚያን ጊዜ ዩቲዩብም ፌስቡክም አልተፈጠሩም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት ለደንበኞቹ ድረ ገጽ የሚያስቀምጥ ድርጅትን ነበር፤ በሰው ሥራ ማስታወቂያ እየሸጠ ዓለምን የሚያዳርስ ቴሌቪዥንን አልነበረም።

አሁን ወደ ቪያኮም ልመለስ፤ የጉዳዩ ሥጋ ያለው እዚህ ነውና።

ዩቲዩብ በ2005 መጀመሪያ ላይ ተመሠረተ፤ በኦክቶበር 2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛው አስታወቀ። በክሱ ሂደት የሁለቱም ወገን የውስጥ ደብዳቤዎች ወጡ። የዩቲዩብ ሠራተኞች ራሳቸው ከሚታየው ቪዲዮ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የቅጂ መብት ያለበት ሥራ እንደያዘ ገምተው ነበር። የጉግል የፋይናንስ አማካሪ የነበረው ክሬዲት ስዊስም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ይዘት የባለሙያ ሥራ እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ፈቃድ ያለው 10 በመቶው ብቻ እንደሆነ ገምቷል። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ከሪም በማርች 2006 በጻፈው ሪፖርት ላይ የትኞቹ ታዋቂ የቴሌቪዥን ትርዒቶች በገጹ ላይ እንደሚገኙ በስም ዘርዝሯል። በጅምላ ያውቁ ነበር፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

ይህን ብቻ ሰምታችሁ ግን ለቪያኮም አታልቅሱ። ዩቲዩብ በበኩሉ ባወጣው ማስረጃ ቪያኮም ቢያንስ 18 የማስታወቂያ ድርጅቶችን ቀጥሮ የራሱን ቪዲዮዎች በድብቅ ያስጭን ነበር ብሏል። ምንጩ እንዳይታወቅ ሠራተኞቹን ወደ ኪንኮስ የፎቶ ኮፒ ቤት ልኮ በዚያ ኮምፒውተር ያስጭን እንደነበር፣ የተሰረቀ እንዲመስልም ጥራቱን ሆን ብሎ ያበላሽ እንደነበር ተናግሯል። ባለቤቱ በጓሮ በር ያስገባውን ዕቃ መድረኩ ከተሰረቀው በምን ይለየዋል? እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ ያሳቀኝም ያስተማረኝም ይኸው ነው።

ዳኛ ሉዊስ ስታንተን በጁን 2010 ለዩቲዩብ ፈረዱ። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ ጥሰት በብዛት እንዳለ በጠቅላላው ማወቅ አይበቃም፣ ይህች ቪዲዮ ብሎ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2012 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል በሚለው ተስማማ። ሆኖም የውስጥ ደብዳቤዎቹ የዩቲዩብ ሰዎች የተወሰኑ ቪዲዮዎችን ያውቁ እንደነበር ሊያሳዩ ይችላሉ፣ አይቶ እንዳላየ መሆንም ከማወቅ ሊቆጠር ይችላል ብሎ ጉዳዩን መለሰው። ክሱ 63,060 ቪዲዮዎችን ይመለከት ነበር። ቪያኮም ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ዩቲዩብ ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ በማንም እጅ እንደሌለ አመነ። ዳኛው የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው አሉና በኤፕሪል 2013 ዳግም ለዩቲዩብ ፈረዱ። በማርች 2014 ሁለቱ ኩባንያዎች ታረቁ፤ በዜና እንደተዘገበውም ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ገንዘብ አልነበረም።

ውጤቱን አስቡት። የመጀመሪያው ፍርድ በተሰጠበት ጊዜ በየደቂቃው ከ24 ሰዓት በላይ ርዝመት ያለው ቪዲዮ ይጫን ነበር። መድረኩ በገዘፈ ቁጥር ለይቶ ማወቁ ይቀንሳል፤ ማወቁ በቀነሰ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል። የፍሎሪዳው ትንሽ ሰውዬ በ170 ፎቶግራፍ ተፈረደበት፤ በሚሊዮን የሚቆጠር የያዘው ደግሞ በብዛቱ ከለላ አገኘ። ዳኛ ስታንተንን አልወቅስም፤ በሕጉ የተጻፈውን ነው ያነበቡት።

ሌላም የማይወራለት ተሸናፊ አለ፤ አሸንፎ የተሸነፈ። ቪዮ የሚባል የቪዲዮ ድረ ገጽ በሳን ዲዬጎ ነበር። ዩኒቨርሳል ሙዚቃ በ2007 ከሰሰው። ቪዮ በ2009 ረታ፤ በይግባኝም በ2011፣ ከዚያም በ2013 ፍርዱ ጸናለት። ችግሩ በፌብሩዋሪ 2010 ኪሳራ ማወጁ ነበር፤ የጠበቃ ወጪው ከጨረሱት ነገሮች አንዱ ነው። ሕግ በትክክል ከጎንህ ሆኖም ልትጠፋ ትችላለህ። የጉግል ኪስ ያለው ሰባት ዓመት ይከራከራል፤ የሌለው ደግሞ መቃብሩ ላይ ፍርድ ይነበብለታል።

የቪያኮም ክርክር ገና ሳያልቅ ነገሩ ከፍርድ ቤት እጅ ወጥቶ ነበር። ዩቲዩብ በ2007 መጨረሻ ኮንቴንት አይዲ የሚለውን ሥርዓት ዘረጋ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለመብቱ የሥራውን ዋና ቅጂ ይሰጣል፤ ማሽኑ ከዚያ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ ምልክት ያወጣል፤ የሚጫነው ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ይመሳከራል። ከገጠመ ባለመብቱ ቪዲዮውን ማገድ፣ ዝም ብሎ መከታተል፣ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ለራሱ መውሰድ ይችላል። ከ90 በመቶ በላይ በሆነው ጊዜ ባለመብቶቹ የሚመርጡት ገቢውን ነው። ሕጉ ይህን አላዘዘም። ሁለት ኃያላን ተስማሙና ጥሰት የነበረው ነገር ገቢ ሆነ።

ኩባንያው ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ ከ722 ሚሊዮን በላይ ክሌይም (ሥራው የእኔ ነው የሚል ጥያቄ) ተመዝግቧል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በማሽን። ተቃውሞ የቀረበው ከ1 በመቶ በታች በሆነው ላይ ነው። ከተቃውሞዎቹ ግን በ60 በመቶ ያህሉ የተፈረደው ለጫነው ሰው ነው። ኩባንያው የተቃውሞውን ማነስ ማሽኑ እንደማይሳሳት ማሳያ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የማነበው ሌላ ነው። አቤት ካለው ሰው ከግማሽ በላዩ እውነቱን ከሆነ፣ ፈርቶ ወይም ሳያውቅ ዝም ካለው ውስጥ ስንቱ እውነት ነበረው?

ወደ ሥርዓቱ የሚገቡትስ እነማን ናቸው? በቀጥታ የሚጠቀሙት ባለመብቶች በመላው ዓለም ጥቂት ሺዎች ናቸው። የቀረው የሚገባው ድርሻ በሚወስድ አከፋፋይ በኩል ነው። ፊኒክስ፣ አሪዞና ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች በ2017 ገደማ ጀምረው ከ50,000 በላይ የላቲን ዘፈኖች የእኛ ናቸው ብለው በአንድ አከፋፋይ በኩል አስመዘገቡ። ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። የተከሰሱት በ2021 ነው፤ አንደኛው በ2023 ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ እስራት ተፈረደበት። የመረጡት የሙዚቃ ዓይነት በአጋጣሚ አልመሰለኝም። ታዋቂ ሆኖ፣ ተመልካች ሞልቶት፣ ባለቤቱ ግን ማሽኑ ዘንድ ያልተመዘገበ ሥራ ነው የፈለጉት።

የአማርኛ ዘፈን የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ሊደነግጥ ይገባል። በካሴት ዘመን የወጣ አንድ ዘፈን የግጥም ደራሲ አለው፣ የዜማ ደራሲ አለው፣ አቀናባሪ አለው፣ ድምፃዊ አለው፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤትም አለ። ውሉ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዱም በቃል ነው። ከእነዚህ አምስት ሰዎች መካከል የትኛው ነው ለማሽኑ ቅጂውን የሰጠ? ማሽኑ ፋይሉን እንጂ ውሉን አያነብም፤ ቀድሞ የደረሰውን ባለቤት አድርጎ ይይዛል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ተቀምጦ የአባቱን ዘመን ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው የሚያየው የማስታወቂያ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እነዚያ አምስቱም ላያውቁ ይችላሉ።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በማርች 26 ቀን 2019 የአውሮፓ ፓርላማ በ348 ድጋፍና በ274 ተቃውሞ አዲስ መመሪያ አጸደቀ። አንቀጽ 17 ትልቁን መድረክ ሥራውን ለሕዝብ የምታቀርበው አንተ ራስህ ነህና ፈቃድ ግዛ፤ ካላገኘህ እንዳይጫን የሚቻልህን ሁሉ አድርግ ይለዋል። ከድምፅ መስጫው በፊት በጀርመን ከተሞች ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ የጀርመንኛው ዊኪፒዲያም ለተቃውሞ አንድ ቀን ተዘጋ። ፖላንድ መመሪያውን ከሰሰች። በኤፕሪል 2022 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ነገር ግን ሕጋዊውን ከሕገወጡ በበቂ ሁኔታ የማይለይ ማጣሪያ ተቀባይነት የለውም አለ። በእኔ ግምት አውሮፓ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች፤ ማን ነው የሚያተርፈው ብላለች። መልሱን ግን መልሳ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽን ደግሞ ቀልድን፣ ሂስንና ጥቅስን አይለይም። ሰውም ይስታል፤ አሜሪካ ውስጥ ፔንስልቬንያ ያለች እናት ሕፃን ልጇ በፕሪንስ ዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳይ 29 ሰከንድ ቪዲዮ በ2007 ጭና ዩኒቨርሳል አስነሳባት። ማሳወቂያ የሚልክ ሰው መጀመሪያ አጠቃቀሙ የተፈቀደ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት የሚል ውሳኔ ያገኘችው በ2015 ነው። ልጁ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ገብቷል።

የእኛስ ሕግ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ዩቲዩብ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ለሥራ አመንጪው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለ መድረክ ማሳወቂያ፣ ስለ ማንሻ ጊዜ፣ ቪዲዮው ስለተነሳበት ሰው መከራከሪያ ግን የሚናገር አንቀጽ የለውም። ይህ ሐሳብ ለሕግ አውጪዎቻችን እንግዳ ስለሆነ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው ሕገወጥ ይዘት መኖሩን እያወቀ ካላነሳ በወንጀል ይጠይቀዋል፤ ያ ይዘት ግን የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል፣ የሰውን ነፃነትና ክብር፣ የሕዝብን ደህንነት የሚመለከተው ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይላል። ለመንግሥት ሥጋት ሰዓት ተቆጥሯል፤ ለደራሲውና ለዘፋኙ አልተቆጠረም።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ የሚጭን ወጣት የሚዳኘው በተግባር በአሜሪካ ሕግ ነው። ስትራይክ (የጥሰት ማስጠንቀቂያ) መታኝ ሲል የሚናገረው ስለዚያ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ካገኘ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ሥራው የራሱ ሆኖ ወይም የተፈቀደ አጠቃቀም ሆኖ መቃወም ቢፈልግ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ይሰጣል፤ በሐሰት ቢናገር እንደሚቀጣ አውቆ ይፈርማል፤ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ስለሆነ ደግሞ መድረኩ በሚገኝበት የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት ይስማማል። ከሳሹ ክስ ካልመሠረተ ቪዲዮው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ያለ ልጅ ካሊፎርኒያ ለመዳኘት እየፈረመ ነው። የሐሰት ማሳወቂያ የላከበት ሰው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

እኔ ቢጠይቁኝ በአዋጅ 410 ላይ የማሻሻያ ክፍል እንዲጨመር እመክራለሁ። ማሳወቂያና ተቃውሞ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚቀርብበት፣ ክርክሩም ተከራካሪዎቹ እዚህ ከሆኑ እዚሁ ፍርድ ቤት የሚታይበት መንገድ ይኑር። ሆን ብሎ የሐሰት ማሳወቂያ የሚልክ ካሳ ይክፈል። መድረኩ ቢያውቅም ባያውቅም ከአከራካሪው ቪዲዮ ያገኘውን ገቢ ክርክሩ እስኪያልቅ ይያዝ፤ ለአሸናፊው ይስጥ። ይህ የመጨረሻው ነው እንደ ፍሬዝኖው ገበያ ገንዘቡን የሚከተለው። ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ የእኛን ትእዛዝ ይሰማል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብቻችንን ብንጠይቅ እጠራጠራለሁ፤ የአፍሪካ አገሮች አንድ ላይ ቢጠይቁ የተለየ ነው።

እስከዚያው ግን በእናንተ በባለሙያዎቹ እጅ ያለ ነገር አለ። ውል ስትፈርሙ የዲጂታል ምዝገባው በማን ስም እንደሚሆን፣ በየትኛው አከፋፋይ በኩል እንደሚሆን፣ ከማስታወቂያው ገቢ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብርና ለድምፅ ስንት ስንት እንደሚደርስ፣ ውሉ ሲያልቅ ምዝገባው ለማን እንደሚመለስ በአንቀጽ ይጻፍ። የድሮ ሥራ ያላችሁም ሌሎቹን ባለድርሻዎች በሕይወት እያሉ አግኝታችሁ አሁን ጻፉት።

ለጥያቄያችሁ ዝግጁ ነኝ።